«ለማታውቁት ዘፋኝ ማልቀስ ነውር ነው» ለተባለው ጽሑፍ ከጎንደር የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖችና በፌስቡክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። እዚህ ጎንደር የማውቀው ሰው ሁሉ ወይ ልኮልኛል ወይ ደግሞ «አየኸው?» ብሎ ጠይቆኛል፣ ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ቦታ ሳይቀር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ጽሑፉ ዘፋኝ ወይ ተዋናይ ወይ ኮሜዲያን ሲሞት ሕዝቡ የሚያሳየው ሐዘን የውሸት ነው፣ ከዛም አልፎ ነውር ነው ይላል። የጸሐፊው አማርኛ ያምራል፣ ሐሳባቸውንም ሳይደብቁ ነው የጻፉት፣ ኮሜንት ላይ ገብተው የሰደቧቸውን ሰዎች እኔም አልወደድኩላቸውም። ግን ዋና ዋና ነጥቦቻቸው ላይ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ፣ ደግሞ ዝም ከተባለ ብዙ ሰው በሐዘኑ እንዲያፍር የሚያደርግ ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ይሄ ሁሉ ለቅሶ ለታይታ ነው፣ ፌስቡክ ባይኖር ማንም አያለቅስም ነበር ይላሉ። ሁለተኛ፣ በአካል የማያውቁትን ሰው ማልቀስ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፣ በኛ ባህል ሐዘን የዘመድና የጎረቤት ነው ይላሉ። ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው፣ ስንት ሰው ስሙ ሳይጠራ በሚቀበርበት በዚህ ጊዜ፣ መምህርና ሐኪም ሲሞት ዞር ብሎ ያላየ ሕዝብ ለዘፋኝ ደረት ሲደቃ ማየት ያሳፍራል ይላሉ። አራተኛ፣ ታሞ ሲለምን ያልረዳነውን ሰው ሲሞት ማሞገስ ግብዝነት ነው። አምስተኛ፣ ዘፈን ትተው ወደ እምነታቸው የተመለሱ ሰዎችን በድሮ ዘፈናቸው ማስታወስ ሟቹን መበደል ነው። መጨረሻ ላይም «ዝም ብላችሁ ጸልዩ» ብለው ይዘጋሉ።

ለላይክ የሚያለቅስ የለም አልልም፣ አለ። አስክሬን ሳይነሳ ዩቲዩብ ላይ «የመጨረሻ ቃሉ» ምናምን ብሎ ርዕስ የሚለጥፍ አለ፣ በሕይወት ያለውን ሰው ሞተ ብሎ የሚያወራ አለ፣ ድንኳን ውስጥ ስልክ ደግኖ የእናት ፊት የሚቀርጽ አለ። በዚህ ላይ ጸሐፊው ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፣ እንዲያውም እጨምርበታለሁ። እኛ ጋ መርዶ ሥርዓት አለው፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚነገረው፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ ወይ ነፍሰ ጡር ካለች ለሷ እንዴት እንደሚነገር ቀድሞ ይመከርበታል። አሁን ግን የታዋቂ ሰው ሞት ቤተሰቡ ሳይሰማ ፖስት ይደረጋል፣ ውጭ አገር ያለች ልጅ የአባቷን ሞት ከማታውቀው ሰው ገጽ ላይ ልታነብ ትችላለች። ይሄ ጭካኔ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ብቻ ቢያተኩሩ ኖሮ ይሄን መልስ አልጽፍም ነበር።

ነገር ግን «ፌስቡክ ባይኖር ማንም አያለቅስም» የሚለውን እኛ እዚህ ሳንፈልግ ሞክረነዋል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ድምፃዊው ሙሉቀን መለሰ አሜሪካ ውስጥ ያረፈው ሚያዝያ 2016 ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ዋይፋይ ከሚያገኘው ጥቂት ሰው በስተቀር ፖስት ማድረግ የሚችል የለም፣ ላይክ የለም፣ ኮሜንት የለም። ወሬው የመጣው በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደውሎ ሲነግር ነው። እና ሰው ምን አደረገ? ባጃጅ ነጂዎች ፍላሽ ላይ ያለውን የሙሉቀን ዘፈን ከፍተው ሲነዱ ዋሉ፣ አራዳ ያሉ ሱቆች ስፒከራቸውን ወደ በሩ አዞሩት፣ እናቶች ቡና ላይ ተቀምጠው የትኛው ዘፈን በማን ሰርግ እንደተዘፈነ ሲከራከሩ አመሹ። ሰውየው እኮ ዓለማዊ ዘፈን ካቆመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አዲስ ነገር አላወጣም፣ ቲቪ ላይ አይታይም፣ ቀኑን ሙሉ በስሙ የዋለችው ከተማ ውስጥ ካሉት ወጣቶች አብዛኞቹ ሙሉቀን ሲያቆም ገና አልተወለዱም። ማንም አይቀርጻቸውም ማንም አያያቸውም ነበር። ጸሐፊው ይሄን እንዴት እንደሚያብራሩት አላውቅም፣ በሳቸው ሐሳብ ከሄድን መሆን የሌለበት ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ስንመጣ፣ የማያውቁትን ማልቀስ ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚለውን ጎንደር ላይ ተቀምጦ ማንበብ ከባድ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተገጠመውን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አለ?

«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።»

ይሄን ከአፍ ወደ አፍ እያሻገረ እኛ ድረስ ያደረሰው ገበሬና እረኛ፣ አዝማሪና አልቃሽ ንጉሡን በዓይኑ ያየ አይደለም፣ ከደንቢያ ወጥቶ የማያውቅ ሰው መቅደላን የት ያውቃታል። ንጉሥና ዘፋኝ አንድ ነው ወይ የሚል ይኖራል፣ አይደሉም፣ እኔም አላልኩም። እኔ የምለው በአካል ላላወቁት ሰው ማዘን፣ ሐዘኑንም በግጥም ማውጣትና ለሰው ሁሉ ማሰማት ፌስቡክ ያመጣው ነገር አይደለም ነው፣ እኛ ጋ ኢንተርኔት ቀርቶ ሬዲዮ ሳይገባ የነበረ ነው።

ደግሞ ለቅሶ ቤትን እናስታውስ። አልቃሽ ስትጠራ ብዙ ጊዜ ሟቹን አታውቀውም። ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ሠራ፣ ማንን ጥሎ ሄደ፣ ከዛ ሙሾ ታወርዳለች ቤቱም አብሯት ያለቅሳል። ከሚያለቅሱት ሴቶች ውስጥ ብዙዎቹ የሚጠሩት ስም የዛን ቀን ሟች ስም አይደለም፣ ባሏን የቀበረችው ባሏን፣ ልጇን ያጣችው ልጇን፣ እህቷን በአረብ አገር ያጣችው እህቷን እየጠራች ነው የምታለቅሰው። «ይሄ ያንቺ ለቅሶ አይደለም» የሚላት ሰው አይቼ አላውቅም። ሐዘንተኛዋ ራሷ እንኳን አትከፋባትም፣ እንዲያውም አብረው ሲያለቅሱ ይቀላቸዋል። ይሄ ነው ባህላችን። ጸሐፊው ባህላችን ብለው የጠሩት፣ ማን ለማን ያልቅስ ብሎ የሚቆጥር ባህል፣ እኔ ባደግኩበት ሠፈር አልነበረም።

እና «አታውቁትም» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው? እጁን አልጨበጥንም፣ እውነት ነው። ግን አባባ ተስፋዬን እንውሰድ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆችን ፕሮግራም ከ1957 ጀምሮ ለ42 ዓመት ግድም ይዘው የቆዩ ሰው ናቸው፣ ከዛ በፊትም ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ የነበሩ። እኛ ልጅ ሆነን ቲቪ ያለው ቤት በሠፈር አንድ ወይ ሁለት ነበር፣ የሳቸው ሰዓት ሲደርስ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እግሩን አራግፎ እዛ ቤት ወለል ላይ ይቀመጣል፣ የቤቱ እናት ለሁላችንም ቆሎ ይዘግናሉ፣ ተረቱ ሲያልቅ ተሰነባብተን እንበተናለን። አያት የሌለው ልጅ አያት ያገኘው እዛ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 አረፉ ሲባል ያለቀሱት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ጢም ያላቸው ወንዶች። እነዚህ ሰዎች አባባ ተስፋዬን አያውቋቸውም ማለት ይቻላል? የአጎታቸውን ድምፅ ረስተው የሳቸውን ሰላምታ የሚያስታውሱ ሰዎች እኮ ናቸው።

ወይ ማዲንጎ አፈወርቅን እንውሰድ፣ የጎንደሩን ልጅ፣ የራሳችንን። ያረፈው መስከረም 17 ቀን 2015 ነው፣ በመስቀል ዕለት። ደመራው በዋዜማው በርቷል፣ ሰው ነጭ ለብሶ ዘመድ እየጠየቀ ነው፣ ቤት ሁሉ ዶሮና ጠላ አለ፣ እና ቀን ላይ ወሬው ገባ። ያኔ ያየሁትን ብዙ አላወራም ግን አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ፣ ጉልት የሚሸጡ እናት፣ ሙዚቃ ሲሰሙ አይቻቸው አላውቅም፣ ከበዓሉ ቡና ላይ ተነስተው ጓዳ ገብተው አለቀሱ። ልጃቸው በሱዳን በኩል የወጣ ነው፣ ከወጣ ጀምሮ ድምፁ የለም። ቤት በነበረ ጊዜ ልብሱን ሲያጥብ የሚከፍተው ማዲንጎን ነበር። ሰው ጠይቋቸው «ለዘፋኙ ነው ወይስ ለልጅዎ?» ሲላቸው ለሁለቱም አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልጃቸው ይሙት ይኑር ስለማይታወቅ ድንኳን መጣል አይችሉም፣ ማልቀስም «አሟርተሽ» ያስብላል። እሳቸውን ማዲንጎ ምንዎ ነው ብሎ መጠየቅ እኔ አልችልም።

ዋናው ሐሳቤ እዚህ ጋ ነው። ሰው ለአንድ ድምፃዊ ሲያለቅስ ያ ድምፅ በቤቱ የነበረበትን ዘመን ሁሉ ነው የሚያለቅሰው፣ ያኔ አብረውት የነበሩትን ሰዎች፣ የፈረሰውን ቤት፣ የተበተነውን ጓደኛ። ካሴቱ ሲገለበጥ የነበሩት ሁሉ አንድ ላይ ይመጡበታል። ይሄን ውሸት ማለት ከባድ ነው፣ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ነገር ሰው ውስጥ ብዙ የለም።

ጥላሁን ገሠሠም እንዲሁ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 በፋሲካ ዕለት ነው ያረፈው፣ ሁለት ወር ጾሞ የዋለ ሰው በሚፈታበት ቀን፣ እና ሰው ሥጋው አልወርድ አለው። መንግሥት በክብር ቀበረው፣ ሕዝቡ ግን ከመንግሥት ቀድሞ ነበር ያዘነው።

ሦስተኛውን ቀስ ብዬ ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ይሄን የጻፉት አዝነው እንደሆነ ይገባኛል። ስንት ሰው ስሙ ሳይጠራ ተቀበረ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ይሄ አይነገረንም፣ እናውቀዋለን። ግን ከዛ ተነስተው ለዘፋኝ የሚያለቅስ ሰው ለነዛ አያለቅስም ወደሚል ሲሄዱ አልስማማም። እንባ በራሽን የሚሰጥ ይመስል አንዱ ጋ ከፈሰሰ ሌላው ጋ ያልቃል ያለው ማነው? ማዲንጎ ሲሞት ያለቀሱት ሰዎች የዕድር ድንኳን የሚተክሉት፣ ሳጥን የሚሸከሙት፣ ሠልስት ድረስ ሐዘንተኛ ጋ የሚያድሩት ሰዎች ናቸው። ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ጎንደር ውስጥ ለቅሶ ደራሽና ሙዚቃ ወዳጅ ሁለት የተለያየ ሕዝብ የለም።

እንዲያውም ተቃራኒውን ነው ያየሁት። ባለፉት ዓመታት መንገድ እየተዘጋ ስንት ሰው የእናቱን ቀብር ሳይደርስ ቀረ። የማውቀው ልጅ አለ፣ አባቱ ገጠር ሞቱ፣ መኪና የለም፣ መርዶው የደረሰው ከአርባቸው በኋላ ነው፣ ተቀምጦ የሚያለቅስበት ድንኳን የለም፣ ዘመድ ሁሉ ለቅሶውን ጨርሶ ነጠላውን አጥቧል። እሱ ሥራውን ቀጠለ፣ ሰውም የበረታ መሰለው። ከዛ አንድ ቀን ማታ ሬዲዮ ላይ ስለሞተ ድምፃዊ መታሰቢያ ሲተላለፍ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ያልተለቀሰ ሐዘን የሆነ ቦታ ይወጣል፣ ብዙ ሰው ለራሱ ሟች ያላገኘውን ድንኳን ያገኘው የታዋቂ ሰው ሞት ላይ ነው። ጸሐፊው ስማቸው ላልተጠራው ብለው የሚከራከሩ ከሆነ ይሄን ለቅሶ ማስቆም የለባቸውም፣ ከነዛ ሰዎች መካከል የአንዳንዶቹ ለቅሶ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

መምህርና ሐኪም አይለቀስለትም የሚለው ደግሞ ትክክል አይመስለኝም። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ2012፣ ወይዘሮ አበበች ጎበና በ2013 ሲያርፉ አገር ነው ያዘነው፣ አንዷ የፊስቱላ ሕሙማንን ያከሙ ሐኪም፣ አንዷ ወላጅ ያጡ ልጆችን ያሳደጉ እናት፣ ሁለቱም አልዘፈኑም። በየሠፈሩ ደግሞ አንድ የድሮ መምህር ሲሞት ቀብሩ ላይ ያስተማራቸው ልጆች፣ የልጆቹ ልጆች ሳይቀሩ ይቆማሉ፣ ዜና ስለማይሆን ነው እንጂ። ግን የጸሐፊውን ነጥብ በግማሹ እቀበለዋለሁ። ሚዲያዎቻችን ለአንድ ተዋናይ ሦስት ሰዓት ሲሰጡ ለጤና ባለሙያ አምስት ደቂቃ አይሰጡም። እዚሁ ጎንደር በ1947 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያወጣቸው ስንት ሰዎች ቆላ ለቆላ በእግራቸው እየሄዱ ወባና ፈንጣጣ ሲከላከሉ አረጁ፣ ስለነሱ ፕሮግራም የሠራ አላየሁም። ይሄ ወቀሳ ግን ለጣቢያዎቹ ነው የሚገባው፣ ቡና ላይ ለምታለቅስ እናት አይደለም።

«በቁሙ ያልረዳነውን» የሚለው ላይ ብዙ አልከራከርም፣ አብዛኛው እውነት ነው። ተዋናዩ ፍቃዱ ተክለማርያም፣ ያ የትረካ ድምፅ፣ በኩላሊት ሕመም ተሰቃይቶ ሐምሌ 24 ቀን 2010 ነው ያረፈው። ኤልያስ መልካ፣ የስንቱን ድምፃዊ አልበም ያቀናበረው ሰው፣ እሱም በኩላሊትና በስኳር ታሞ ቆይቶ በመስከረም 2012 አረፈ። የሰው አልበም ሲያሳምር ኖሮ ለሕክምና መቸገር ያማል። ግን ጸሐፊው «እኛ» ሲሉ ማንን ነው? የታመመውን ለመርዳት ሃምሳ ብር የላከች ተማሪም «እኛ» ውስጥ ገብታለች። በቁም ማክበርም አለ እኮ፣ ማህሙድ አህመድን በጥር 2017 አዲስ አበባ ላይ በሕይወት እያለ አዳራሽ ሞልተን ነው የመድረክ ስንብቱን ያደረግንለት፣ ከዚህ ሄደው የታደሙ ሰዎች አሉ።

የሚገርመኝ ጸሐፊው ይሄን ያህል ስለ ግብዝነት ጽፈው ስለ ገንዘቡ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሥራው አመንጪ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ወራሾቹ የኢኮኖሚ መብት አላቸው ይላል። በ2007 ደግሞ በአዋጅ 872 ተሻሽሎ ሮያልቲ በማኅበር የሚሰበሰብበት መንገድ ገብቶበታል። ማለትም ሆቴሉ፣ ጭፈራ ቤቱ፣ ኤፍኤሙ፣ አገር አቋራጭ ባሱ የሟቹን ዘፈን ከፍቶ ሲነግድ ለዜማ ደራሲውና ለገጣሚው ልጆች የሚደርስ ነገር መኖር አለበት። ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ2011 አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕ የከፈተው ለዚሁ ነበር፣ ሰው በስልኩ ዘፈን እንዲገዛና ገንዘቡ ለባለሙያው እንዲደርስ፣ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። እኛ ደግሞ መታሰቢያ ብለን የሱን ሥራ ከቴሌግራም በነፃ እናወርዳለን። ይሄ ነው የሚያሳፍረው። ጸሐፊው «ማልቀስ ትታችሁ ክፈሉ» ቢሉ ግማሹን እስማማለሁ፣ እኔ ደግሞ አልቅሱም ክፈሉም እላለሁ።

አምስተኛው ነጥብ የሚያስቸግር ነው፣ ጸሐፊው ያነሱትም በቅንነት ይመስለኛል። ሙሉቀን መለሰ ዓለማዊ ዘፈን ትቶ በወንጌላዊ እምነት ነው የኖረው፣ በ2015 ያረፈችው ሂሩት በቀለም እንዲሁ፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጀምሮ ስንት ዘመን ዘፍና በኋላ ሕይወቷን ለእምነቷ ሰጠች። ቀብራቸው ላይ፣ ቤተሰባቸው በተቀመጠበት፣ የተዉትን ዘፈን መክፈት ትክክል አይደለም። ሟች በመረጠው መንገድ መሸኘት አለበት፣ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። «ሞቶ እንኳን አልተወውም» እያሉ በእምነታቸው ላይ ኮሜንት የሚጽፉትም ያሳዝናሉ።

ከዛ ውጪ ግን ዘፈኑን በየቤታችን መስማት በደል ነው የሚለው አልገባኝም። ሙሉቀን ሲያቆም እሱ ነው ያቆመው፣ እኛ መስማት አላቆምንም፣ እሱም ሰዎችን አትስሙ እያለ ሲዞር አልሰማሁም። ያ ዘፈን ሲወጣ የተጋቡ ሰዎች አሁን የልጅ ልጅ አይተዋል፣ በዛ ዘፈን የተዋወቁ፣ ደብዳቤ ላይ ስንኙን የጻፉ፣ ወታደር ቤት ሆነው በባትሪ ሬዲዮ የሰሙ ሰዎች አሉ። እነሱ ለሰውየው እምነት ክብር ሰጥተው ዘፈኑንም መውደድ ይችላሉ፣ ጎንደር ውስጥ ከቅዳሴ ወጥተው ከሰዓት አዝማሪ የሚሰሙ ሰዎች ስንት ናቸው፣ በጥምቀት ታቦት ሲሸኙ ውለው ማታ እስክስታ የሚወርዱ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሂሩትን ዘፈን የከፈተች ሴት ሂሩትን ወደ ኋላ ለመጎተት አይደለም የከፈተችው፣ ወጣትነቷን ለመስማት ነው።

«ዝም ብላችሁ ጸልዩ» ለሚለው፣ ጸሎቱን ማንም አልተወም፣ የማዲንጎን ስም ጠርቶ ጧፍ ያበራ ሰው አውቃለሁ። ዝምታውን ግን አልቀበልም። ጸሐፊውም ይሄን ካነበቡ መልስ ቢጽፉ ደስ ይለኛል፣ በተለይ ሁለት ነገር ላይ፦ ኢንተርኔት በሌለበት ከተማ ለሙሉቀን ያለቀሰው ሰው ለማን ታይታ አለቀሰ? የልጃቸው መሞትና መኖር ያልታወቀ እናትስ የት ሄደው ቢያለቅሱ ነው ነውር የማይሆነው?